ኤግዚስተንስ ከማን ጋር ይውላል? የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የክበባችን አባላት በዚህ የትምህርት ዓመት ለመሥራት የመረጡት፣ ብዙ የእንግሊዝኛ ቃላትን በዝርዝር ከመሸምደድ ይልቅ ጥቂት ረቂቅ ስሞችን ዘወትር አብረዋቸው ከሚገኙት ቃላት ጋር ማጥናት ነበር። ከተመረጡት ስሞች ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የወሰደው «ኤግዚስተንስ»፣ ማለትም መኖር ወይም ህልውና፣ ነው። ለአንድ ቃል ይህን ያህል ሳምንታት መስጠት ለአንዳንዶች የበዛ ቢመስልም፣ አባላቱ ከዓመቱ ሥራ ሁሉ አብልጠው ያወቁት ይህንኑ ቃል በመሆኑ ዘገባዬን በእርሱ ላይ አደርጋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ አንቀጽ ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል አባል ስለ ጡረተኛ መምህር ስትጽፍ፣ ደስ ብሎት ይኖራል ለማለት «ሊድስ ኤ ሃፒ ኤግዚስተንስ» ብላ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው እንከን የለበትም፤ መዝገበ ቃላቱም ቃሉን «መኖር» ብሎ ይፈታዋል። ሆኖም ለጆሮዬ ቅር አለኝ፤ ምክንያቱን ግን ተማሪዋ ስትጠይቀኝ በቅጡ ማስረዳት አልቻልኩም። ስለዚህ ጥያቄዋን የክበቡ ጥያቄ አደረግነው። አባላቱ ከመማሪያ መጻሕፍት፣ ከመጽሔቶችና ከመዝገበ ቃላት ቃሉ የሚገኝባቸውን ዓረፍተ ነገሮች እየለቀሙ በካርድ ላይ ጻፉ፤ ካርዶቹንም ከስሙ በፊት በሚመጣው ግስና ቅጽል እየለዩ ግድግዳ ላይ ለጠፉ።

የቋንቋ ሊቃውንት ይህን የቃላት አብሮ መዋል ኮሎኬሽን ይሉታል። ሃሮልድ ፓልመር የተባለው መምህር ለውጭ አገር ተማሪዎች የሚጠቅሙ እንዲህ ያሉ ጥምረቶችን ሰብስቦ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1933 ቶኪዮ ውስጥ እየሠራ ሳለ ነው፤ እንግሊዛዊው የቋንቋ ምሁር ጆን ፈርዝ ደግሞ የአንድ ቃል ትርጉም የሚታወቀው ከሚውልባቸው ቃላት ጭምር መሆኑን አስተምሯል። ግድግዳችን ላይ ያየነውም ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ የተለየው የካርዶች ክምር ቃሉ ያለ አርቲክል፣ ማለትም ከስም በፊት የሚገቡት «ኤ»፣ «አን» ወይም «ዚ» ሳይቀድሙት፣ የቆመበት ነበር፦ «ካም ኢንቱ ኤግዚስተንስ»፣ «ብሪንግ ኢንቱ ኤግዚስተንስ»፣ «ጎ አውት ኦፍ ኤግዚስተንስ»። እዚህ እንግሊዝኛው ህልውናን የሚገባበትና የሚወጣበት ስፍራ አድርጎ ያየዋል። አማርኛ ግን በአንድ ግስ ይጨርሰዋል፤ ማኅበር ሲሆን «ተመሠረተ»፣ ሌላ ነገር ሲሆን «ተፈጠረ»፣ ሲያበቃም «ፈረሰ» ወይም «ጠፋ» እንላለን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ወደ ህልውና መጣ» የሚሉ ትርጉሞች ይቀርቡ ነበር፤ ቃል በቃል የመጣ አማርኛ መሆኑን ለይተው ያስተካከሉት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ቃሉ የወጣበት የላቲን ግስ «ወጥቶ መቆም፣ ብቅ ማለት» የሚል ፍቺ እንዳለው ስነግራቸው የመግባትና የመውጣት ግሶቹን ማስታወስ ቀለላቸው።

ሁለተኛው ክምር በ«ዚ» ተጀምሮ በ«ኦፍ» የሚቀጥለው ነው። ከፊቱ የሚመጡት ግሶች መካድ፣ መጠራጠር፣ ማረጋገጥ፣ መተንበይ ናቸው፤ የሚነገረውም አንድ ነገር መኖር አለመኖሩ ብቻ ነው። ለዚህ ከሁሉ የተሻለውን ምሳሌ ያገኘነው ከሥነ ፈለክ ነው። የዩራነስ ጉዞ ከስሌቱ ጋር አልገጥም በማለቱ ፈረንሳዊው ለ ቬርዬ ገና ያልታየች ፕላኔት መኖርን በስሌት ተነበየ፤ እ.ኤ.አ. በ1846 በርሊን ላይ ዮሐን ጋለ በቴሌስኮፕ ተመልክቶ ኔፕቱን የምንላትን አገኛት። አባላቱ ይህን ታሪክ በአንድ አንቀጽ ሲጽፉ «ፕሬዲክት» እና «ኮንፈርም» በየቦታቸው ገቡ።

የተማሪዋን ጥያቄ የመለሰው ሦስተኛው ክምር ነው። «ኤ» ወይም «አን» ሲቀድመውና ቅጽል ሲታከልበት ቃሉ ህልውና መሆኑን ትቶ ኑሮ ይሆናል፤ ግሱም «ሊድ»፣ «ሊቭ» ወይም «ኢክ አውት» ነው። የመጨረሻው በጭንቅ፣ በቁጥብ ኑሮን መግፋት ማለት ነው። በካርዶቹ ላይ የተገኙት ቅጽሎች ብቸኛ፣ ምስኪን፣ አስተማማኝ ያልሆነ፣ አሰልቺ የሚሉ ሆኑ። ደስታን የሚናገር ቅጽል ፈጽሞ አይገባበትም ማለት አይደለም፤ ግን ብርቅ ነው፤ እንግሊዝኛ ለደስተኛ ኑሮ «ላይፍ» የሚለውን ቃል ያስቀድማል። ተማሪዋ አንቀጿን ስታርም የለወጠችው ይህን አንድ ቃል ብቻ ነው። ቅር ያለኝም በጡረተኛው መምህር ላይ ያልታሰበ ሐዘን ስላጠላበት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ከእነዚህ ጥምረቶች መካከል «ሀንድ ቱ ማውዝ» የሚለው ሲነበብ «ከእጅ ወደ አፍ» የሚለው አማርኛ ከሁሉም አፍ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ በዓመቱ ውስጥ ሁለቱ ቋንቋዎች እንዲህ ገጥመው ያየሁበት ሌላ ቦታ የለም።

«ኦው ኢትስ ኤግዚስተንስ ቱ» (ህልውናው ከእርሱ የተነሣ ነው)፣ «ዘ ቬሪ ኤግዚስተንስ» (ህልውናው ራሱ) እና «ፒስፉል ኮኤግዚስተንስ» (በሰላም አብሮ መኖር) በአንድ ሳምንት አለቁ። «ስትራግል ፎር ኤግዚስተንስ» (የህልውና ትግል) ግን ክርክር አስነሣ፤ አብዛኞቹ በጥርስና በጥፍር መፋለም ብቻ መስሏቸው ነበር። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ዝርያዎች አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ ሦስተኛውን ምዕራፍ በዚህ ሐረግ ሰይሞታል፤ ሐረጉንም በሰፊውና በዘይቤ እንደሚጠቀምበት፣ አንዱ ፍጡር በሌላው ላይ መደገፉንና ዘር መተካትንም እንደሚያጠቃልል ገልጿል። በበረሃ ዳር የቆመች ተክል ከድርቅ ጋር ትታገላለች ቢባልም፣ የሚቀናው በእርጥበት ላይ ጥገኛ ናት ማለት እንደሆነ የሰጠው ምሳሌ ተነቦ ክርክሩ ተቋጨ።

የአጻጻፍ ስህተት በመጠኑ ቀርቷል፤ በቃሉ መጨረሻ አካባቢ ያለውን የ«ኢ» ፊደል በ«ኤ» የሚተኩ አባላት አሁንም አሉ። ካርዶቹ በሦስት ፖስታ ተለይተው በክበቡ ሣጥን ተቀምጠዋል። ለመጪው ዓመት አባላቱ የመረጡት ቃል «ላይፍ» ሲሆን፣ የመጀመሪያዋን ካርድ የምትጽፈው ጥያቄውን ያነሣችው ተማሪ ናት።