ሳታነቢ እንዳትፈርሚ

ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ? እህትሽ የቤት ኪራዩን ውል ስልክሽ ላይ ሳታነቢ እንደፈረምሽ ነገረችኝ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሁለተኛ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ!

ስምንተኛ ክፍል እያለሽ ከባርነት ተከራክራ ነፃ ስለወጣችው ስለ ኤልዛቤት ኪ የጻፍሽውን ይዘሽ ኩሽና መጣሽና «እማ፣ ላንብብልሽ» አልሽኝ። እኔ ደግሞ «እኛ ሀበሻ ነን፣ ያ የኛ ታሪክ አይደለም፣ ሂሳብሽን አጥኚ» አልኩሽ። ፊትሽ ሲቀየር አይቻለሁ። እስከዛሬ ይቆጨኛል። ወረቀቱን ግን አልጣልኩትም፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቀስ እያልኩ አነበብኩት።

እዚሁ ቨርጂኒያ ነው የሆነው፣ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች። አባቷ እንግሊዛዊ፣ እናቷ ጥቁር። አባቷ በፈረንጆች 1636 ለ9 ዓመት ብቻ እንድታገለግል ተዋውሎ ለሰው ሰጣት። 9 ዓመቱ አለፈ፣ የለቀቃት የለም። ከስሳ፣ አባቴ ነፃ ሰው ነው፣ እኔም ክርስትና ተነስቻለሁ ብላ በ1656 ነፃ ወጣች። ከዚያስ? በ1662 የቨርጂኒያ ሕግ አውጪዎች አዲስ ሕግ አወጡ። በእንግሊዝ ልጅ የአባቱን ወገን ነበር የሚከተለው፤ እነሱ ግን ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል አሉ። እናትየው ባሪያ ከሆነች ልጁም ባሪያ ነው፣ የወለደው ጌታው ራሱ ቢሆን እንኳ! በ1667 ደግሞ ጥምቀት ነፃ አያወጣም ብለው ሌላውን በር ዘጉ።

እኔን አንጀቴን ያሳረረኝ የ1662ቱ ነው። አንቺን ይዤ ሳለሁ የመውለጃዬን ቀን በጉጉት እቆጥር ነበር። እነዚያ እናቶች ምን ብለው ይቆጥሩ ይሆን?

በ1680 የጌታውን የፈቃድ ወረቀት ሳይዝ ከእርሻው የወጣ 20 ጅራፍ ይገረፍ ተባለ። እዚህ ላይ ስደርስ ቤሩት ትዝ አለኝ፣ እመቤቲቱ መሳቢያ ውስጥ የቆለፈችበት ፓስፖርቴ። ታሪኩን ታውቂዋለሽ። ሁለት ዓመት ብለውኝ አራት ዓመት ቆየሁ። የኔ ከነሱ ጋር አይወዳደርም፤ እኔ የምመለስበት አገር ነበረኝ፣ ልጄንም ንብረቴ ናት ያለኝ የለም። ግን የፈረምኩት ውል በአረብኛ ነበር፣ አንድ ቃል አላነብም። አንቺ ታነቢያለሽ። ታዲያ ለምን ሳታነቢ ትፈርሚያለሽ?

ውሉን ዛሬውኑ ላኪልኝ፣ ከእህትሽ ጋር ቁጭ ብለን እናየዋለን። በርበሬው ሻንጣሽ ታችኛው ኪስ ውስጥ አለ፣ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው። ጽሑፍሽ እዚህ ትራሴ ስር ነው። ስትመጪ አንቺው ታነቢልኛለሽ፣ ኩሽና ቁጭ ብዬ እሰማሻለሁ።

እናትሽ