የሜላኒ ሰባት ዓመት

ይድረስ ለእህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴ ጥፋት ነው፤ ሰበብ አልደረድርም። ይልቅ የቆየውን የጥያቄሽን ዕዳ ልክፈል። ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመውን «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን (የ«ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»ን ልብ ወለድ) እንደገና አንብበሽ፣ ከእሱ የተሠራውን የ1939ኙንም ፊልም አይተሽ፣ «ሜላኒን ሆና የሠራችው ሴትዮ እንደ ሜላኒ አንገቷን ደፍታ የኖረች ትመስለኛለች» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። አልነበረችም! ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ስቱዲዮዎቹ ተዋንያንን ጠፍረው የያዙበትን ውል ፍርድ ቤት ወስዳ የረታች ሴት ናት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዢልኝ።)

ልደቷ በ1916 ቶኪዮ ነው፤ ወላጆቿ እንግሊዛውያን፣ ያደገችው ግን ካሊፎርኒያ። በ1934 የቴያትር አዘጋጁ ማክስ ራይንሃርት ሆሊውድ ቦውል በተባለው ክፍት መድረክ ላይ የሼክስፒርን ተውኔት ሲያዘጋጅ ሄርሚያ የተባለችውን ገጸ ባሕርይ ክፍል በተጠባባቂነት ይዛ ነበር። ዋናዋ ተዋናይት ለፊልም ሥራ ስትሄድ መድረኩ ለእሷ ሆነ፤ ወዲያው የፊልም ስቱዲዮው ዋርነር ብራዘርስ አስፈረማት። በ1935 ከተዋናዩ ኤሮል ፍሊን ጋር «ካፕቴን ብለድ»ን ሠራች፤ ሁለቱ በጠቅላላው ስምንት ፊልም አብረው ሠርተዋል። ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። ፍሊን ሰይፍ ይመዝዛል፣ እሷ ታፈቅረዋለች፤ በሚቀጥለውም ፊልም እንደዚያው።

አሁን ውሉን ልንገርሽ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ሜይ 5 ቀን 1936 የጸናው ውል ለ52 ሳምንት ነበር። ከዚያ በኋላ ስቱዲዮው ከፈለገ ስድስት ጊዜ፣ በየጊዜው 52 ሳምንት ሊያራዝመው ይችላል። ድምሩ ሰባት ዓመት መሆኑ ነው። «ከፈለገ» የተባለው ለስቱዲዮው ብቻ ነው፤ እሷ በቃኝ የምትልበት ቀዳዳ የለም። የተሰጣትን ሚና አልሠራም ካለች ትታገዳለች፦ ደሞዝ ይቆማል፣ ሌላ ቦታ መሥራትም ክልክል ነው። እገዳው በተለምዶ የሚነሳው ሌላ ሰው ሚናውን ወስዶ ፊልሙ ሲያልቅ ነው። የታገደችባቸው ሳምንታት ደግሞ በውሉ ጫፍ ላይ ይቀጠላሉ። ፊልሙ 10 ሳምንት ከፈጀ የ10 ሳምንት ደሞዝ ታጣለች፣ ውሉም 10 ሳምንት ይረዝማል። ለአንድ «እምቢ» ሁለት ቅጣት! በተጨመረው ጊዜም ሌላ የማይረባ ሚና ቢሰጧትና እምቢ ብትል እንደገና ይቀጠላል። የውሉ ማብቂያ ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል።

ደግሞ ይህን ልብ በይ። ለኦስካር በመጀመሪያ ያሳጯት ሁለቱም ሥራዎች ዋርነር በውሰት የሰጣት ናቸው፦ ሜላኒን የሠራችው ለፕሮዲውሰሩ ለሴልዝኒክ ነው፣ የ1941ዱን «ሆልድ ባክ ዘ ዶውን»ን ለሌላው ስቱዲዮ ለፓራማውንት። ጎረቤት ያየውን ችሎታ ባለቤቱ አላየውም። (በሁለተኛው ዕጩነት ሽልማቱን የወሰደችባት ታናሽ እህቷ ጆአን ፎንቴን ናት። የእህትማማቾቹ ነገር ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል።)

በ1943 ሰባቱ ዓመት ሲሞላ ስቱዲዮው ሚና እምቢ እያለች የታገደችበትን ጊዜ ደምሮ 25 ሳምንት ያህል ይቀርሻል አላት። ጠበቃዋ ማርቲን ጋንግ ያነሳው ጥያቄ አንድ ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ የግል አገልግሎት ውል ከሰባት ዓመት በላይ አይጸናም ይላል፤ ታዲያ «ሰባት ዓመት» የሚቆጠረው በቀን መቁጠሪያ ነው ወይስ በተሠራበት ቀን? ስቱዲዮው በተሠራበት አለ፤ እሷ በቀን መቁጠሪያ። ተዋናይቷ ቤቲ ዴቪስ በ1936 ከዚሁ ስቱዲዮ ጋር ለንደን ላይ ተሟግታ ተሸንፋለች። ልዩነቱ ጊዜና ቦታ ነው እላለሁ። ዴቪስ ውሉ ገና እየሮጠ ጥላ ሄደች፣ ዳኛውም የእንግሊዝ ዳኛ ነበር፤ ኦሊቪያ ግን ሰባቱ ዓመት እስኪሞላ ጠብቃ፣ ሕጉ ባለበት አገር፣ ውሉ ማለቁን ፍርድ ቤት እንዲያረጋግጥላት ብቻ ጠየቀች። ስለ ሚናዎቹ መጥፎነት መከራከር አላስፈለጋትም።

በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ረታች። ስቱዲዮው ይግባኝ አለ፤ ይግባኝ ሰሚውም ዲሴምበር 8 ቀን 1944 ፍርዱን አጸናው። ከትንታኔው የምወደው፣ ሠራተኛው ራሱ አስቀድሞ በፈቃዱ ቢፈርም እንኳ ይህን መብት አሳልፎ መስጠት አይችልም ያለውን ነው። መብቱ በፊርማ የሚለቀቅ ቢሆን ኖሮ አሠሪ ሁሉ በውሉ መጨረሻ አንዲት መስመር እየጨመረ ሕጉን ባዶ ያስቀረው ነበር። በ1945 መጀመሪያ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አልመለከትም ሲል ነገሩ ተዘጋ። ሕጉ ዛሬም በእሷ ስም ይጠራል። ነገር ግን ከውል መሃል ማንንም አያስወጣም። ዘፋኞችም ላይ በ1987 ማሻሻያ ገብቶበታል፦ ሰባት ዓመት ሞልቶት የወጣ ዘፋኝ ያላስረከበው አልበም ካለ ኩባንያው ካሣ ሊጠይቀው ይችላል።

ዋጋውን ከፍላለች። ክርክሩ እስኪያልቅ ዋርነር ለሌሎቹ ስቱዲዮዎች እንዳትቀጥሯት እያለ ደብዳቤ ይልክ ስለነበር ሁለት ዓመት ያህል ካሜራ ፊት አልቆመችም። በዚያ ጊዜ የቆሰሉ ወታደሮችን በየሆስፒታሉ ትጠይቅ ነበር። ነጻ ስትወጣ ግን ሚናዋን ራሷ መረጠች፦ በ1946 «ቱ ኢች ሂዝ ኦውን»፣ ኦስካር፤ በ1948 «ዘ ስኔክ ፒት»፣ ዕጩነት፤ በ1949 «ዘ ኤረስ»፣ ሁለተኛ ኦስካር። ከዚያ ወደ ፓሪስ ሄዳ ኖረች፤ በ1965 የካን ፌስቲቫልን ዳኞች በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ በ2020 እዚያው ፓሪስ በ104 ዓመቷ አረፈች።

የምታዪው አንድ ብቻ ከሆነ «ዘ ኤረስ»ን እዪ፤ ከሜላኒም አስበልጠዋለሁ። ካትሪን (ኦሊቪያ የሠራቻት ናት) ሻንጣዋን ይዛ ሌሊቱን ሙሉ የምትወደውን ሰውዬ ጠብቃ ሳይመጣ ሲቀር ደረጃውን የምትወጣበትን ቦታ ደግመሽ ተመልከቺው። ዳይሬክተሩ ዊልያም ዋይለር ትዕይንቱን ደጋግሞ ቢያስቀርጽም አልሆን አለው፤ ሻንጣው ባዶ ነበርና። ክንድና ትከሻ የሌለ ክብደት ማስመሰል አይሆንላቸውም። መጽሐፍ አስሞላበትና እንደገና አስወጣት። በፊልሙ መጨረሻ ያንኑ ደረጃ መብራት ብቻ ይዛ ትወጣዋለች፤ ሰውየው ከውጭ በሩን እየደበደበ። የሁለቱን አካሄድ ልዩነት አስተያይተሽ ጻፊልኝ፤ እኔም እንደ አሁኑ አልዘገይም።

የሁልጊዜ ወዳጅሽ