የምስጋና መልእክት፦ የአባታችንን የዙላ ደብተሮች ከጎርፍ ላተረፋችሁልን ሁሉ

በአቃቂ ወንዝ ዳር ለምትኖሩ ጎረቤቶቻችን፣ ለዕድራችን አባላት፣ በቅርብም በሩቅም ሆናችሁ ላሰባችሁን ወዳጆቻችን፤

በፍልሰታ ጾም ሰሞን፣ በዚያች ሌሊት የወንዙ ጎርፍ በሰፈራችን ያደረሰውን ሁላችሁም ስለምታውቁት እዚህ መልሼ አልተርከውም። ቤታችን ዳግመኛ ቆሟል፤ የ81 ዓመቱ አባታችንም ከብርዱ ካገኛቸው ሕመም አገግመው ዛሬ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ይህንን መልእክት ለመጻፍ ሦስት ወር የዘገየሁት ብዕር ባነሣሁ ቁጥር እንባ ስለቀደመኝ ነው፤ ነገሩን በቅደም ተከተል ለመናገር አሁንም የምችል ስለማይመስለኝ ይቅርታችሁን አስቀድሜ እለምናለሁ።

ከሁሉ በፊት ስማቸውን እንዳልጠራ ያስማሉኝን ጎረቤታችንን ላመስግን። እዚህ የምጠራቸው እትዬ ብዬ ነው፤ ሰፈሩም የሚያውቃቸው በዚሁ ነው። እትዬ እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች በማስረከብ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። በዚያ ዓመት ፍልሰታን ሱባኤ ለመግባት ስንቃቸውን ቋጥረው፣ ነጠላቸውን አጥበው ተዘጋጅተው ነበር። ሌሊቱ ሲነጋ እኛ አባታችንን ወደ ሐኪም ቤት ይዘን ስንሮጥ፣ እርሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ከአልጋው ሥር የቆርቆሮውን ሣጥን ጎትተው አወጡ። በውስጡ ገንዘብ እንደሌለ ያውቁ ነበር። የነበሩት አባታችን የዙላ መንደርን ታሪክ የጻፉባቸው ዘጠኝ ባለ 50 ሉክ ደብተሮች ብቻ ነበሩ፤ አባታችን ክረምት በመጣ ቁጥር ቡና እየጠጡ ሲያነቡላቸው ስለሰሙ፣ እነዚያ ደብተሮች ከጠፉ አባታችን ከሐኪም ቤት ቢመለሱም ሙሉ ሆነው እንደማይመለሱ ተረድተውት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሦስት ቀን ሙሉ ምጣዳቸውን አልጣዱም፤ የሦስት ቀን ገቢያቸው ምን ያህል እንደሆነ ሰፈራችን ያውቃል። የሚጋገርበትን ቤት ጠርገው፣ ሰፌዶቻቸውን ሁሉ በመደዳ ደርድረው፣ የራሰውን ወረቀት ልክ እንጀራ ከምጣድ እንደሚያወጡ በሰፌድ ጠርዝ ቀስ አድርገው እያነሡ ዘረጉት። እኔ ብሆን ኖሮ በጣቴ ስቤ እቀድደው ነበር። ያንን ለስላሳ ነገር ሳይቀደድ የማንሣት ጥበብ የነበረው በእርሳቸው እጅ ነው። ያረጀ ነጠላቸውን ቆራርጠው በየሉኩ መሃል አስገቡ፤ ሲርስም እየቀየሩ፣ ሌሊት እየተነሡ አገላበጡ። ከቤተ ክርስቲያን የቀሩበትን ምክንያት የጠየቃቸው ሰው ቢኖር «ሱባኤዬ ዘንድሮ ይኼው ነው» ብለው እንደመለሱ ልጃቸው ነገረችኝ። እትዬ፣ እግዚአብሔር ይህንን ሱባኤ ቆጥሮ እንደሚይዝልዎት አምናለሁ፤ እኔ ግን የምከፍልበት የለኝም።

በቤተ መዛግብት የሚሠሩ አንድ ወንድማችንም ወሬውን ሰምተው በእረፍት ቀናቸው እስከ አቃቂ መጡ። የራሰ ወረቀት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሻጋታ እንደሚይዘው፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት እንደሚያኮማትረውና ቀለሙን እንደሚያደበዝዘው፣ የተጣበቀ ሉክም በግድ መላቀቅ እንደሌለበት አስረዱን፤ ወዲያው ማድረቅ ያልቻልነውን ደግሞ በበረዶ ቤት እንድናቆየው መከሩን፤ ብርዱ ሻጋታውን ያስቆመዋልና። የበረዶ ማስቀመጫ ከየት ይመጣል ብለን ስንጨነቅ የሰፈራችን ሥጋ ቤት ባለቤት፣ በጾሙ ምክንያት ሱቃቸው ተዘግቶ ስለነበር፣ ባዶውን ፍሪዘር አጥበውና አጽድተው ሰጡን። አምስቱ ደብተሮች በፕላስቲክ ተጠቅልለው እስከ ጾሙ ፍቺ ድረስ እዚያ ተቀመጡ። የመብራቱን ክፍያ ለመካፈል ብንለምናቸውም እምቢ አሉ። ለሁለቱም ከልብ እናመሰግናለን።

አባታችንን በጀርባቸው ተሸክመው ያወጡት የሰፈራችን ወጣቶች፣ ድንኳንና አግዳሚ ያመጣው ዕድራችን፣ ብርድ ልብስና ቆርቆሮ ያዋጡ ሁሉ ውለታቸው አይረሳንም።

በደብተሮቹ ውስጥ ምን እንዳለ ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ ያተረፋችሁት ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባችኋል ብዬ ጥቂት ልጻፍ። ዙላ ዛሬ በኤርትራ ግዛት፣ ከምፅዋ በስተ ደቡብ፣ በስሟ በሚጠራው ባሕረ ሰላጤ አጠገብ የምትገኝ ትንሽ የገጠር መንደር ናት። አባታችን ገና ወጣት ሳሉ ሥራ ፍለጋ ወደ ምፅዋ ወርደው ነበር። በ1954 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፍራንሲስ አንፍሬ ከዙላ አጠገብ ያለውን የጥንቷን ወደብ የአዱሊስን ፍርስራሽ ሲያስቆፍሩ፣ አባታችን በዘምቢል አፈር ከሚያመላልሱት የቀን ሠራተኞች አንዱ ሆኑ። በሥራው መሃል ወባ ጣላቸው። ሳሆኛ የሚናገሩት የመንደሩ እናቶች፣ ቋንቋቸውን የማያውቀውን፣ ሃይማኖቱ ከእነርሱ የሚለየውን እንግዳ ልጅ ጥላ ሥር አስተኝተው የፍየል ወተት እያጠጡ አዳኑት። ደብተሮቹ የተጀመሩት ከዚህ ነው። አባታችን የመጀመሪያውን ደብተር የከፈቱት «ውለታቸውን ለመመለስ አቅም ስለሌለኝ የመንደራቸውን ታሪክ እጽፋለሁ» በሚል ቃል ነው፤ ይህ ገጽ ዳር ዳሩ ከመበላቱ በቀር ደኅና ነው።

ከዚያ ወዲህ በአቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እየሠሩ፣ በእረፍት ቀናቸው በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በወመዘክር ተቀምጠው ያገኙትን ሁሉ ገለበጡ። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ አንድ ግሪክኛ ጸሐፊ ነጋዴ አዱሊስን «መጠነኛ መንደር» ብሎ እንደጠራት፣ ከባሕሩ 20 ስታዲያ፣ በእኛ ልክ ወደ 4 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ እንደምትርቅ፣ ከእርሷም እስከ አክሱም 8 ቀን እንደሚያስኬድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ቅርፊትና የአውራሪስ ቀንድ በዚያ እንደሚሸጥ መዝግበዋል። ታላቂቱ የአክሱም ወደብ ገና በዚያን ጊዜ መንደር ተብላ መጠራቷ አባታችንን ሁልጊዜ ደስ ያሰኛቸዋል። ዐፄ ካሌብ በ525 እ.ኤ.አ. ወደ ሂምያር፣ ወደ ዛሬዋ የመን፣ ሲዘምቱ መርከቦቻቸው የተሰበሰቡት በአዱሊስ ወደብ በጋበዛ እንደነበር፣ ከተማይቱም በኋላ ዘመን በሐዳስ ወንዝ ደለል ሥር እንደተቀበረች በሦስተኛው ደብተር ተጽፏል። ጥቁሩን የድንጋይ ግንብ ከዚያ ደለል ሥር በእጃቸው ያወጡ ሰው፣ በስተርጅናቸው የገዛ ደብተራቸው በወንዝ ደለል ሥር ሊቀበር ነበር፤ ይህንን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል።

አራተኛው ደብተር ስለ 1860 ዓ.ም. ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር በዙላ የባሕር ዳርቻ ሲወርድ 13,000 ያህል ወታደር፣ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች፣ ቁጥራቸው እጅግ የበዛ በቅሎና ግመል እንደነበረው፤ የሚጠጣ ውኃ ስላልበቃ የባሕሩን ውኃ በእንፋሎት እያጣሩ ይጠጡ እንደነበር፤ ከወደቡ ወደ ተራራው ሥር የባቡር ሐዲድ ዘርግተው ሲመለሱ እንደነቀሉት በዝርዝር ተጽፏል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ላይ ካረፉ በኋላ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ አርፈው ትግራይ ውስጥ ጨለቆት ተቀበሩ፤ የ7 ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም በሰኔ ወር ከዚያው ከዙላ በመርከብ ተወሰዱ፤ በ18 ዓመታቸውም እንግሊዝ አገር አርፈው በዊንዘር ተቀበሩ። አባታችን በዚህ ገጽ ግርጌ ላይ «እናት የሌለው ልጅ ከዚህች አሸዋ ላይ ሄደ፤ እኔን እናት የሆኑኝ ሴቶች ያኔ በነበሩ» ብለው ጽፈዋል። ይህንን መሥመር እትዬ ሲያደርቁት አንብበው ረጅም ሰዓት እንዳለቀሱ ሰምቻለሁ።

የእትዬን ልጅ በተለይ ማመስገን ይገባኛል። ይህች የ11ኛ ክፍል ተማሪ የደረቁትን ገጾች አንድ በአንድ ፎቶ አንሥታ፣ የሚነበበውን ሁሉ በስልኳ ላይ ጽፋ ጨርሳለች። ስለ ምን ይህን ያህል እንደደከመች ስጠይቃት የሁለተኛውን ደብተር አንድ ገጽ አሳየችኝ። በአዱሊስ አንድ ጽሑፍ የተቀረጸበት የድንጋይ ዙፋን ነበረ፤ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ንጉሡ ግልባጩን ለአዱሊስ ገዥ ስላዘዙ፣ ከባልደረባው ጋር ሆኖ ጽሑፉን ገለበጠው። ዙፋኑ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ በላዩ የነበረውን ቃል የምናውቀው ከዚያ ግልባጭ ብቻ ነው። «እኔም ኮስማስ ነኝ» አለችኝ። ልጄ፣ ተባረኪ፤ አባታችን ይህንን ሲሰሙ ከሐኪም ቤት ከወጡ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን አሰምተው ሳቁ።

ደብተሮቹ ሁሉም አልዳኑም። በእስክሪብቶ የተጻፈው ብዙው ተረፈ፤ በብዕር ቀለም የተጻፉት ሰባተኛውና ዘጠነኛው ደብተሮች ግን ቀለማቸው ፈስሶ ግማሽ በግማሽ ሰማያዊ ሆነዋል። ይህንን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ ሳይሆን እንዳለ ማሳወቅ ስለሚገባኝ ነው።

በውጭ አገር ሆናችሁ የደወላችሁልን፣ የላካችሁልን፣ በጸሎትና በዱዓ ያሰባችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። የዙላና የጎረቤቷ የአፍታ መንደር ሰዎችም፣ በዚያ ዘመን ለነበሩት እናቶቻችሁ ያለን ምስጋና አቃቂ ላይ በደኅና እንደተቀመጠ እወቁልን። ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ፤ በተለይ በዚያ ሌሊት በጨለማ ገመድ የያዘልን ሰው ማን እንደነበረ እስከ አሁን ስላላወቅን፣ ይህንን ብታነብ ዝምታችን ውለታህን ከመርሳት እንዳልሆነ ተረዳልን፤ እባክህ መጥተህ እጅህን እንሳም።

አንድ ልመና ብቻ ቀርቶኛል። ከስምንተኛው ደብተር 12 ሉኮች ተገንጥለው በውኃው ሄደዋል። በእነርሱ ላይ የነበረው ከአባታችን ጋር አፈር ያመላለሱ ሠራተኞችና በሕመማቸው ያስታመሟቸው እናቶች ስም ዝርዝር ነው፤ አባታችን አሁን የሚያስታውሱት አራቱን ብቻ ነው። ወረቀቱ ሰማያዊ መሥመር ያለው ሆኖ በአረንጓዴ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው። ከወንዙ በታች ባለው ማሳም ሆነ አጥር ሥር ያገኛችሁ ካላችሁ፣ ቢቀደድም ቢጨማደድም፣ እንዳታላቅቁትና ፀሐይ ላይ እንዳታሰጡት፤ እንዳለ ወደ እትዬ ቤት አድርሱልን። ሰፌዳቸው አሁንም ተዘርግቶ ይጠብቃል።

አክባሪያችሁ፣
የደብተሮቹ ባለቤት የመጀመሪያ ልጅ
አቃቂ