«ለሠፈር ፊልም ይበቃል» ስለተባለልን ፕሮጀክተር

ለመሣሪያ አከራዩ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በውሉ መሠረት ስላልቀረበልን ፕሮጀክተር ቅሬታ ስለማቅረብ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ የካራ ሠፈር ቲያትር ቡድን ጸሐፊ ሆኜ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከእናንተ የተከራየነው ፕሮጀክተር የገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅታችንን አበላሽቶብናል። በስልክ ተነጋግረን መፍትሔ ስላጣሁ በጽሑፍ ማቅረብ ግድ ሆነብኝ።

የመለማመጃ ቤታችን ጣሪያ ያፈሳል። ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮውን መቀየር አለብን። ስለዚህ የአገራችን ወጣቶች የሠሯቸውን ሦስት የተፈጥሮ ዘጋቢ ፊልሞች በ150 ብር ትኬት ለማሳየት ተነሳን። ድንኳንና አግዳሚ ወንበር እድሩ አዋሰን። አቡጀዲ ገዝተን፣ አራት ሜትር ስፋት ያለው ስክሪን ሰፋን። የሠፈሩ እናቶች ቡናና ፈንዲሻ ይዘው መጡ። የተከራየነው የእናንተን ዕቃ ብቻ ነው፤ ፕሮጀክተር፣ ድምፅ ማጉያና ጄኔሬተር በ12,000 ብር። ሙሉውን ቀድመን ከፍለናል።

ውሉ ላይ 5,000 ሉመን ይላል፤ ሉመን የፕሮጀክተሩ ብርሃን ጉልበት መለኪያ ነው። ቁጥሩን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱንም ቢሯችሁ ድረስ መጥቼ አስረድቻለሁ። ከሦስቱ ፊልሞች ሁለቱ በደማቅ ብርሃን የተቀረጹ አይደሉም። ጎህ ሲቀድ፣ ጫካ ውስጥ፣ ጉም መሐል የተቀረጹ ናቸው። ፕሮጀክተሩ ብርሃኑ ደካማ ከሆነ ጨለም ያለው ነገር ሁሉ አንድ ላይ ይጠፋል።

10 ሰዓት ይደርሳል የተባለው ዕቃ የደረሰው 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ዝግጅቱ የሚጀመረው 12 ተኩል ነበር። ለመሞከር እንኳ ጊዜ አልነበረንም። ሥዕሉ ሲደበዝዝብኝ ፕሮጀክተሩን አንስቼ ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት አነበብኩ። 2,800 ሉመን። ይዞት የመጣውን ልጅ ስጠይቀው «ትልቁ ፕሮጀክተር ለሠርግ ሄዷል» አለኝ። በልጁ ቅሬታ የለኝም። ብቻውን ተልኮ፣ ላብ በላብ ሆኖ ገመድ ሲጎትት ነው ያመሸው። እሱን አትቆጡት።

የመጀመሪያው ፊልም ስለ መናገሻ ሱባ ጫካ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ጫካ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው ጫካ። ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ እኛ ያየነው ነጭ ጭራቸውን ብቻ ነው። ጥቁሩ ገላቸው ጥላው ውስጥ ገብቶ ቀረ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ዞረው «ልጄ፣ ዓይኔ ነው ወይስ ሥዕሉ ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ስለ አቃቂ ውኃ አዘል መሬት ወፎች የሚናገረው ፊልም ቀን የተቀረጸ ስለሆነ ደህና ነበር። ድምፅ ማጉያው እምም እያለ ቢያስቸግርም።

ሦስተኛው፣ የባሌው ቀይ ቀበሮ ፊልም ግን አንጀቴን ነው ያቆሰለው። ፊልሙን የሠራው ልጅ እዚያው ከኋላ ቆሟል። ባሌ ተራሮች አናት፣ ሳኔቲ ሜዳ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር ከፍታ፣ ውርጭ ላይ ተኝቶ ነው የቀረጸው። ቀይ ቀበሮዋ የፍልፈሉ ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮዋን ቀስራ ትጠብቃለች። ደቂቃ ሙሉ አትንቀሳቀስም። ፊልሙ ያለው እዚያች ደቂቃ ውስጥ ነው። እኛ ስክሪን ላይ ያየነው ግራጫ ሜዳ ነው። ቀበሮዋ የታየችን ከዘለለች በኋላ ነው። ዞር ስል ልጁ አንገቱን ደፍቷል። በዓለም ላይ ለአቅመ መውለድ የደረሰ ቀይ ቀበሮ 500 አይሞላም፤ ያለውም እኛው አገር ብቻ ነው። እዚያ ድንኳን ውስጥ ከነበረው ሰው አብዛኛው ባሌን በእግሩ አይረግጣትም። ሊያያት የነበረው በዚያ ፕሮጀክተር ነው።

38 ሰዎች ገንዘባችን ይመለስልን አሉ። እውነታቸውን ነው፤ 5,700 ብር መለስን።

ሰኞ ስደውል የሰማሁት መልስ «ለሠፈር ፊልም እኮ ይበቃል» የሚል ነው። ከዕቃው ይልቅ ይህ ቃል ነው ያመመኝ። ከከተማ ዳር ስላለን፣ ዝግጅታችንም ሠርግ ስላልሆነ፣ የከፈልነው ብር ያነሰ ነው? ውሉ የሁላችንም አንድ ነው። ትልቁ ፕሮጀክተር ለሌላ ከተሰጠ ቀድሞ መንገር ይቻል ነበር። ቀኑን እናዛውረው ነበር።

አሁን የምንጠይቀው ይኸውና። የመለስነውን 5,700 ብር እንድትከፍሉን፤ ፊልሞቹንም ደግመን በምናሳይበት ቅዳሜ ውሉ ላይ ያለውን ፕሮጀክተር ያለ ተጨማሪ ኪራይ እንድታቀርቡልን። ከቀኑ 8 ሰዓት ይድረስልን፤ በብርሃን እንሞክረው። የመጀመሪያውን ቀን ተመልካች በሙሉ በነጻ እንጠራለን፤ ገንዘባቸው የተመለሰላቸውንም ጭምር።

የውሉን፣ የደረሰኙንና የፕሮጀክተሩን ሥር ያነሳሁበትን ፎቶ ቅጂ አያይዣለሁ። መልሳችሁን በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የቲያትር ቡድኑ ጸሐፊ
ካራ፣ አዲስ አበባ