ያቺ የቡናዋ ላይ ክርክር

ይድረስ ለወዳጄ፣

ለጤናህ እንዴት ከረምክ? አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ፣ ዛሬ እንደ ድሮ ሰው «ለጤናህ» ብዬ ስጀምር እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ሳቅ። ኩርፊያው ከለቀቀኝ ቆይቷል፤ ያዘገየኝ ሐፍረት ነው።

ያኔ ሐዋሳ እኛ ቤት ቡና ላይ «ድሃ የሚደኸየው በስንፍናው ነው፤ ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው» ብዬ አላናግርህ አልኩ። አንተ «ሥርዓቱስ?» ትላለህ፣ እኔ እጮኻለሁ። ቡናውን ያቀረበችልን ልጅ ትዝ ትልሃለች? ጣቷን በፕላስተር የጠቀለለችው። የስፌት መኪና መርፌ ወግቷት ነበር።

የእናቴ ተከራይ ነበረች። አስረኛ ክፍል ጨርሳ ከገጠር መጥታ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ገባች። ስትጀምር ደመወዟ በወር 750 ብር ነበር። ለግል ድርጅት «ከዚህ በታች እንዳትከፍል» የሚል የደመወዝ ወለል ደግሞ በአገሩ የለም። አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተው፣ ሁለት ፍራሽ አንጥፈው፣ ሺፍት የገባችው ስትወጣ ከሺፍት የመጣችው እዚያው ሙቀቱ ላይ ትተኛለች። ከዚያች ብር ላይ ዕቁብ ትጥላለች፣ ለእናቷ ትልካለች። ስንፍናዋን ፈልጌ አጣሁት።

ከዚያ በጦርነቱ ሰበብ አሜሪካ አጎዋን አነሳችብን፤ በፈረንጆቹ 2022 መባቻ ላይ። ልጅቷ አጎዋ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማችው ፋብሪካው ሲቀንሳት ነው። የምትሰፋው ሸሚዝ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ስለሚገባ እንጀራ እንዳላት ማን ነግሯት! ጠዋት ቀርታ ወይም አርፍዳ ቢሆን እኮ እሺ።

ሙሉ በሙሉ እጄን ሰጠሁ ግን እንዳይመስልህ። አጎቴን ታውቀዋለህ። የመሬቱን ካሳ በስድስት ወር ጠጅ ቤት ጨረሰው። መንግሥት አላጠጣውም። መሬቱን ልሽጥ ያለው እሱ እንዳልሆነም አልረሳሁም፤ ቢሆንም ብርሌውን ያነሳው በራሱ እጅ ነው። እሱን ሳስብ አሁንም እናደዳለሁ።

ልጅቷ አሁን ጉሊት ቲማቲም ትቸረችራለች። ባለፈው ቅዳሜ ገዝቻት «መልሱን ያዥው» አልኳት። ቀና ብላም አላየችኝ፤ ቆጥራ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ቤት ስገባ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ስልክህን ቀይረሃል መሰለኝ፣ አይሠራም። አዲሱን ላክልኝ።

ያው ግትሩ ጓደኛህ