ጭንቅላቷን ተዉትና ጉልበቷን እዩት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

እንደምን ከረማችሁ? ሰሞኑን ስለ ድንቅነሽ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ፎቶው ግን ከነከነኝ። ሙሉ የራስ ቅል ለጥፋችሁ «የድንቅነሽ ራስ ቅል» ብላችሁታል። ኧረ እሷ ይሄን የመሰለ ራስ ቅል የላትም! ኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ ስትገኝ ከአንገቷ በላይ የተረፋት የታችኛው መንጋጋዋና ጥቂት ስብርባሪ ነው።

ጎረቤቴ ፎቶውን አይቶ «ታዲያ ዝንጀሮ አለመሆኗን በምን አወቁ?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። የወገኖቿ አንጎል እንደሆነ ከቺምፓንዚ ብዙም አይበልጥም። መልሱ ያለው ከወገብ በታች ነው።

አባቴ ወጌሻ ነበር። የመጣው ሰው ገና ሳይናገር ጉልበቱን ዳበስ ዳበስ አድርጎ በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ ይነግረው ነበር። እኔም አጥንት ማየት የለመድኩት ከሱ ነው።

እስቲ ተነሱና እግራችሁን ገጥማችሁ ቁሙ። ጉልበቶቻችሁ ተነካኩ አይደል? ከላይ ግን ጭኖቻችሁ ዳሌ ላይ የተራራቁ ናቸው። የጭን አጥንታችን ወደ ውስጥ ዘመም እያለ ነው ጉልበት ላይ የሚደርሰው፤ ለዚህም ነው አንዱን እግር ስናነሳ ሌላው ከሰውነታችን ሥር ሆኖ የሚሸከመን። የቺምፓንዚ ጭን ቀጥ ያለ ስለሆነ በሁለት እግሩ ሲሄድ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል። ድንቅነሽ ከመገኘቷ ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው ሐዳር አንድ የጉልበት መገጣጠሚያ ተገኝቶ ነበር። ራስ የለው፣ ጥርስ የለው። ግን ዘመም ያለ ነው፣ ስለዚህ ባለቤቱ ቆሞ ይሄድ ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ደግሞ ይሄ ዘመምታ አብሮን አለመወለዱ ነው። ልጅ ቆሞ መሄድ ሲጀምር ነው ቀስ እያለ የሚመጣው፤ በሕመም ምክንያት ሄዶ የማያውቅ ልጅ ጭኑ ቀጥ እንዳለ ይቀራል። አስቡት እንግዲህ፣ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረ ፍጡር ሲራመድ የኖረው ኑሮ አጥንቱ ላይ ተጽፎ ቀርቷል።

በርግጥ ቆሞ መሄድ ዛፍ መውጣትን አይከለክልም። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ እዚያው አፋር፣ ዲኪካ ላይ ያገኛት የድንቅነሽ ወገን ሕፃን፣ ሰላም፣ የትከሻዋ አጥንት የጎሪላን ይመስላል፤ ዛፍ ለመውጣት የሚመች ነው።

ራስ ቅል የግድ ካላችሁ ገልብጣችሁ ከሥሩ ፎቶ አንሱት። ለፋሲካ ያረድነውን በግ ጭንቅላት ቀቅዬ አጥንቱን ለጎረቤቴ አሳየሁት። ኅብለ ሰረሰር የሚወጣበት ቀዳዳ ከኋላ በኩል ነው፣ በጉ አንገቱን ወደፊት ሰድዶ ነዋ የሚሄደው። የኛ ቀዳዳ ከሥር ነው፣ ቆመን ነዋ የምንሄደው። ክራንቻም ዝንጀሮ አለመሆኗን ይናገራል። ስሜን ተራራ ወጥቶ ወንድ ጭላዳ ዝንጀሮ ሲያዛጋ ያየ ሰው ያንን ጥርስ አይረሳውም፤ የድንቅነሽ ወገኖች ክራንቻ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፣ ከነሱ በፊት የነበረችው የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷ አርዲ እንኳ ትንሽ ክራንቻ ነው ያላት፣ የእግሯ አውራ ጣት ገና ቅርንጫፍ የሚጨብጥ ሆኖ ሳለ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዳሌዋን ወይም ጭኗን አውጡልን። እንደ ራስ ቅል ዓይን እንደማይስብ አውቃለሁ። የበጉ ጭንቅላት አሁንም በረንዳ ላይ ነው። ጎረቤቴ ልጆቹን ይዞ እመጣለሁ ብሏል፤ ባለቤቴ የሰጠችኝ ቀን ግን እስከ እሑድ ብቻ ነው።

አንባቢያችሁ፣
ከአዘዞ፣ ጎንደር