ግልጽ ደብዳቤ ለባህል ሚኒስትሩ፦ ስለ ረዳት የኦርኬስትራ መሪ የሥራ መደብ

ክቡር ሚኒስትር፣

በኦርኬስትራ ውስጥ ቫዮሊን እጫወታለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ለደመወዝ ጭማሪ ወይም ለአዲስ አዳራሽ አይደለም። የምጠይቅዎ ስለ አንድ የሥራ መደብ ነው፤ ስለ ረዳት የኦርኬስትራ መሪ መደብ። በበጀት ሰነድ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ የምትይዝ ስለሆነች ገንዘብ ሲጠብ በቀላሉ ትሰረዛለች። እኔ ግን ሁለት ትልልቅ ችግሮቻችንን በአንድነት ልታቃልል የምትችለው እርሷ ናት ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ችግር የመሪው የራሱ ነው። የቫዮሊን ተማሪ ክፍሉን ዘግቶ የፈለገውን ያህል ሰዓት ሊለማመድ ይችላል። የኦርኬስትራ መሪ መሣሪያ ግን ሰው ነው፤ ሰማንያና ከዚያ በላይ ሙዚቀኛ። ኖታውን ቤቱ ተቀምጦ ያጠናል፣ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚገባበትን ቦታ በቃሉ ይይዛል፣ የእጁን እንቅስቃሴ በመስታወት ፊት ያርማል። ይህ ሁሉ ዝግጅት እንጂ መምራት አይደለም። ትሮምቦኖቹ ሲበረቱ ፍሉቷ እንዳትዋጥ ማድረግን፣ የደከመን ቡድን በአንድ ቃል ማነቃቃትን፣ ስሕተት ሲሰማ መቼ ማስቆም መቼ ደግሞ ማለፍ እንደሚገባ የሚማረው በእኛ ፊት ቆሞ ብቻ ነው። እኛ ተጫዋቾች አዲስ መሪ ኖታውን ማወቅ አለማወቁን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ እንለያለን። ከእኛ ጋር እንዴት መሥራት እንዳለበት ለማወቅ ግን እርሱ ዓመታት ያስፈልጉታል። ኦርኬስትራዎች ልምድ የሌለውን አይጋብዙም፤ ያልተጋበዘ ደግሞ ልምዱን ከየት ያመጣል? ጃፓናዊው መሪ ሴይጂ ኦዛዋ እ.ኤ.አ. በ1959 በፈረንሳይ የቤዛንሶንን የወጣት መሪዎች ውድድር አሸንፎ በር ተከፍቶለታል። ሆኖም አንድን ሙያ በሙሉ በውድድር ዕድል ላይ መጣል ተገቢ አይመስለኝም።

የረዳትነት መደብ ምን እንደሚያስገኝ ለማየት አሜሪካዊውን መሪ ሊዮናርድ በርንስታይንን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1943 እንግዳ መሪው ብሩኖ ቫልተር በመታመሙ የ25 ዓመቱ ረዳት መሪ በርንስታይን አንድም ልምምድ ሳያደርግ የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክን መራ። ኮንሰርቱም በሬዲዮ ለመላው አገሪቱ ተላለፈ። ተሰጥኦውን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን መደቡ ባይኖር ኖሮ ያን ዕለት የሚጠራው ሌላ ሰው ነበር። በርንስታይን በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1972 ድረስ ለወጣቶች 53 ኮንሰርቶችን በቴሌቪዥን አቅርቧል። ሙሉውን ኦርኬስትራ ይዞ ሙዚቃ ምን ማለት እንደሆነ ከልጆች ጋር ሲመረምር፣ ልጆች ናቸው ብሎ ነገሩን አላቃለለም።

ሁለተኛው ችግር አድማጩ ነው። ብዙ ሰው ከኮንሰርት የሚቀረው ሙዚቃውን ስለጠላ ሳይሆን አዳራሹ የእርሱ ስላልመሰለው ነው። የት ላይ እንደሚጨበጨብ አያውቅም፤ ያለቦታው አጨብጭቦ ሰው ዞር ብሎ እንዳያየው ይሰጋል። የሙዚቃ ደራሲው ሞዛርት ግን እ.ኤ.አ. በ1778 ከፓሪስ ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ ሲምፎኒው (ለኦርኬስትራ የጻፈው ረጅም ሥራ) ገና ሳያልቅ አድማጮቹ በመሀል እንዳጨበጨቡ በደስታ ተርኳል። ዛሬ እንደ ሕግ የምናየው ዝምታ ከዚያ በኋላ የመጣ ልማድ ነው። ይህን አንድ ሰው ከመድረኩ ላይ ቢናገር ስንት ሰው በሰላም ይቀመጥ ነበር!

አዲስ አድማጭ በአንድ ቀን የትምህርት ቤት ጉብኝት አይገኝም። በዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ለሪፖርት የሚመቸው ይህ ዓይነቱ ጉብኝት ነው። አራት ሙዚቀኞች ይሄዳሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ የተማሪዎቹ ቁጥር ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ ተመልሶ የሚሄድ የለም። ጆሮ ግን የሚለምደው በመደጋገም ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በለንደን ፕሮምስ የተባሉት ተከታታይ ኮንሰርቶች ሲጀመሩ የቆሙበት ሐሳብ ይኸው ነበር፦ ቆሞ ለሚያዳምጥ ሰው ርካሽ ቲኬት፣ ምሽት በምሽት ሙዚቃ፣ ከሚቀለው ወደሚከብደው ቀስ በቀስ መውሰድ። መሪያቸው ሄንሪ ውድ ሲጀምር 26 ዓመቱ ነበር። እንግሊዛዊው መሪ ሳይመን ራትልም በበርሚንግሃም ከአንድ ኦርኬስትራ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1998 ቆይቷል። ሕዝብ ፊቱን የሚያውቀውንና የሚያምነውን መሪ ሰምቶት ወደማያውቀው ሙዚቃ እንኳ ይከተለዋል።

ስለዚህ ክቡር ሚኒስትር፣ መደቡ ቢያንስ ለሦስት ዓመት እንዲጸና እጠይቃለሁ። በረዳት መሪው ውል ውስጥም ለአዲስ አድማጮች የሚቀርቡትን ኮንሰርቶች እርሱ ወይም እርሷ እንደሚመሩ ይጻፍ። ኮንሰርቶቹ ከአንድ ሰዓት ብዙ አይለፉ፤ መሪው ከመድረኩ ላይ ሕዝቡን ያናግር፤ ዓመቱን ሙሉ ወደ እነዚያው ሠፈሮችና ትምህርት ቤቶች ይመለስ። የሚጫወተው ሙሉው ኦርኬስትራ ይሁን፤ በቂ የልምምድ ጊዜም ይመደብለት። ይህን ሥራ ከደረጃቸው በታች አድርገው የሚያዩ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ፤ አልስማማም። ከዚህ በፊት ሲምፎኒ ሰምቶ ለማያውቅ ሰው በተዝረከረከ ዝግጅት መጫወት ከማንኛውም ጥፋት ይከፋል። ወጪው ከባድ ነው እንዳይባል የእኛ ደመወዝ ቀድሞውንም ይከፈላል፤ የሚጨመረው የአንድ ሰው ደመወዝና የጉዞው ወጪ ነው።

መሥሪያ ቤትዎ ውጤቱን ሲመዝንም ስንት ሰው መጣ ብሎ ብቻ አይጠይቅ፤ ስንቱ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ እንደተመለሰ ይጠይቅ። ዕጩዎቹ በሚፈተኑበት ቀን ደግሞ እያንዳንዳቸው ኦርኬስትራውን እንዲመሩ ብቻ ሳይሆን በአዳራሹ ለተቀመጡ ልጆች ሙዚቃውን እንዲያስረዱ ይደረግ፤ በምርጫውም የእኛ የተጫዋቾቹ ድምፅ ይቆጠር።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የኦርኬስትራ ቫዮሊን ተጫዋች